የተማሪዎቹን ኦርኬስትራ ስትሰሙ የኋላ ወንበሮቹን ተመልከቱ

የሙዚቃ አካዳሚው ተማሪዎች ሲምፎኒ ኦርኬስትራ የዓመቱን መዝጊያ ኮንሰርት አቀረበ፤ እኔም ገብቼ ሰማሁ። የቸኮለ ሰው ካለ ፍርዱን እዚሁ ይውሰድ፦ ሂዱ። የሚቀጥለው ፕሮግራም ሲወጣ ቦታ ያዙ። የሳተ ኖታ ትሰማላችሁ፣ አንዳንድ ቦታ ኦርኬስትራው ለሁለት ተከፍሎ ተመልሶ እስኪገናኝ ድረስ ትጨነቃላችሁ፣ ግን ስልካችሁን አውጥታችሁ የምትነካኩበት ምሽት አይሆንም። ቅሬታዬም ትንሽ አይደለም፤ እመጣበታለሁ።

ስለ ተማሪ ኦርኬስትራ የሚጻፈው ሁሌ ያው ነው። አንዱ የወላጅ ጽሑፍ ነው፤ ልጆቹ ጎበዞች፣ የነገ ተስፋዎች፣ እጃቸው ይባረክ፣ አለቀ። ሌላው ደግሞ ቤቱ ቁጭ ብሎ የታላላቅ ኦርኬስትራዎችን ቅጂ ሲሰማ የከረመ ሰው ጽሑፍ ነው፤ ያ ቅጂ ስንት ጊዜ ተቆርጦና ተቀጥሎ እንደወጣ ረስቶ ልጆቹን በእሱ ይለካቸዋል። ሁለቱም ለልጆቹ አይጠቅሙም። ትኬት ተሸጦበት መድረክ ላይ የወጣ ተማሪ እንደ ሙዚቀኛ መተቸት አለበት። ግን ምኑን እንደምንሰማ እንወቅ።

እኔ መጀመሪያ የማየው የሁለተኛ ቫዮሊኖችን (የሁለተኛውን የቫዮሊን ቡድን) የመጨረሻ ወንበር ነው።

የፊቱን ሁሉም ሰው ያየዋል። ፊት የሚቀመጡት ተፈትነው ቦታውን ያገኙ፣ ብቻቸውን ቢጫወቱም የሚያምርባቸው ልጆች ናቸው። የዚህ ኦርኬስትራ ኮንሰርት ማስተርም፣ ማለትም የመጀመሪያ ቫዮሊኖቹ መሪ፣ ቀላል ልጅ አይደለችም፤ ገና ስትቀመጥ የምትሠራውን እንደምታውቅ ያስታውቃል። ግን እነሱን ሰምቶ ኦርኬስትራው ጎበዝ ነው ማለት አይቻልም። ኋላ ላይ ደጋኗን ግማሹን ብቻ እየሳበች፣ ከጎረቤቷ አንድ ትንፋሽ ዘግይታ፣ ኖታው ሲከብድ ክሩን ነካ ነካ እያደረገች የምታልፍ ልጅ ካለች፣ እኔ ያቺን ነው የማየው። አንዲት ብቻ ከሆነች ችግር የለም። ግማሹ ክፍል እንደዚያ ከሆነ ግን የምትሰሙት አራት ጎበዝ ቫዮሊኖችና በዙሪያቸው የሚንሾካሾክ ሕዝብ ነው። እዚህ ኦርኬስትራ ውስጥ የሆነው በአብዛኛው ይሄ ነው፤ በአብዛኛው ብቻ ግን፣ ምክንያቱም ሁለት ቦታ ላይ የኋላዎቹ ተነሱ፣ እዚያ ጋ ደግሞ አዳራሹ ተቀየረ።

ከኋላ መቀመጥ ከባድ መሆኑን እንመን። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ፈጣን ይመስላል። ነገር ግን መድረክ ላይ 15 ሜትር ያህል ተራርቀው በተቀመጡ ሁለት ሰዎች መካከል ከ40 ሚሊሰከንድ በላይ መዘግየት ይፈጥራል፣ ይህ ደግሞ ፈጣን ሙዚቃ ላይ ጆሮ በደንብ የሚለየው ነገር ነው። ኋላ ያለው ልጅ የፊቱን ሰምቶ ከተከተለ፣ ድምፁ እኛ ጋ ሲደርስ አርፍዷል። ስለዚህ የመሪውን እጅና የፊተኞቹን ደጋን በዓይኑ እያየ፣ ለራሱ የቀደመ እየመሰለው መግባት አለበት። ይህን ድፍረት በአንድ ወር ልምምድ ማንም አያገኘውም። ባለሙያ ኦርኬስትራ ውስጥ ሰዎች አጠገብ ላጠገብ ተቀምጠው ያረጃሉ፤ እዚህ ግን በየዓመቱ የሚመረቀው ይመረቃል፣ አዲሱ ይገባል፣ ቡድኑ ተሠርቶ ሳያልቅ ይፈርሳል። የተማሪ ኦርኬስትራ መሪ የሚሆን ሰው ትዕግስቱን ከየት እንደሚያመጣው አላውቅም።

ወደ ምሽቱ ልመለስ። መቃኘታቸው ራሱ ደስ ይላል። የኦቦ ተጫዋቹ (ኦቦ ቀጭን የእንጨት ትንፋሽ መሣሪያ ነው) ሁሉም የሚቃኝበትን ላ የሚባል ኖታ ሰጠ፣ የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ተቃኙ፣ ዝም ተባለ፣ ከዚያ እንደገና ሰጠና የክር መሣሪያዎቹ ገቡ። ቀላል ነገር ይመስላል አይደል? ብዙ ተማሪ ኦርኬስትራ ላይ ግን ኦቦው ለመቃኛ የሚይዘው ያ በሰከንድ 440 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ ገና ሳያልቅ ግማሹ ሰው የራሱን ከባድ ቦታ መለማመድ ይጀምራል፤ ኦቦው የሚሰጠውን ማንም አይሰማም። እዚህ አንዱ ትራምፔት እንደዚያ ሊሞክር ሲል ኮንሰርት ማስተሯ ዞር ብላ አየችው። በቃ፣ አንድ ጊዜ ነው ያየችው። ልጁ መሣሪያውን ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

የመጀመሪያው ሥራ የብራምስ የአካዳሚ በዓል ኦቨርቸር ነበር፤ ኦቨርቸር አጭር የመክፈቻ ሥራ ነው። ለተማሪዎች ከዚህ የሚስማማ ቀልድ አይገኝም። ብሬስላው ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1879 ለብራምስ የክብር ዶክትሬት ሰጠው፤ እሱም በፖስታ ካርድ አመስግኖ ሊገላገል አሰበ። ኧረ ሙዚቃ ነው የሚጠበቅብህ ሲባል በ1880 ቁጭ ብሎ የተማሪዎችን የመጠጥ ዘፈኖች በአንድ ላይ ሰፍቶ፣ ቁም ነገረኛ ልብስ አልብሶ፣ በጥር 1881 ፕሮፌሰሮቹ ፊት ቆሞ ራሱ መራው። ይሄ ጨዋታ መድረኩ ላይ ያሉት ልጆች ሲጫወቱት ይበልጥ ይጣፍጣል። ሁለት የባሱን (ወፍራም ድምፅ ያለው የእንጨት ትንፋሽ መሣሪያ) ተጫዋቾች የጀማሪ ተማሪዎችን መቀለጃ ዘፈን ይዘው ሲገቡ ፊታቸውን አኮሳትረው፣ ድምፃቸውን ግን አስቂኝ አድርገው ነበር። በጣም ወደድኳቸው።

አጀማመሩም ጥሩ ነበር። ያ ሥራ የሚጀምረው ድምፁ በጣም ዝቅ ብሎ፣ በአጭር በአጭሩ በሚቆረጡ የክር ድምፆች ነው፤ አንድ ሰው ቀድሞ ከገባ ይሰማል፣ መደበቂያ የለም። ማንም አልቀደመም። ችግሩ መጨረሻው ላይ መጣ። ብራምስ ከተጠቀመባቸው ትልልቅ ኦርኬስትራዎች አንዱ ይሄ ነው፤ ሦስት ትራምፔት፣ ትሮምቦኖች፣ ቱባ፣ ትልቅ ከበሮ፣ ሲምባል፣ ትራያንግል። የመዝጊያው ዜማ በትንፋሾቹ ሲፈነዳ ቫዮሊኖቹ ከላይ በጣም ፈጣን ሩጫ አላቸው። እኔ ያን ሩጫ አየሁት እንጂ አልሰማሁትም። እጅ ይሮጣል፣ ደጋን ይሮጣል፣ የሚወጣ ነገር የለም። የኋላ ወንበሮች እዚህ ጋ ተስፋ እንደቆረጡ ያስታውቃል፤ ትሮምቦን እየጮኸ ማን ይሰማኛል ብለው ተዉት። ትሮምቦኖቹን ደግሞ ማን ይውቀሳቸው፣ እንዲህ ዓይነት ቦታ ባለፈው ያገኙት መቼ ነው? ዝም የሚያሰኛቸው መሪው መሆን ነበረበት።

ስለ መሪው ትንሽ ቆይቼ እላለሁ።

ሁለተኛው የሞዛርት የክላርኔት ኮንቸርቶ ነበር፤ አንድ ክላርኔት ተጫዋች ከፊት ሆኖ ኦርኬስትራው የሚያጅበው ሥራ ነው። ከፕሮግራሙ ሁሉ የፈራሁት ይህን ነው። ሰው ሞዛርት ቀላል ነው ይላል፤ ኖታው እውነትም ብዙ አይደለም። ግን ትሮምቦን የለ፣ ቲምፓኒ (የሚቃኘው ትልቅ ከበሮ) የለ፣ ሁለት ፍሉት፣ ሁለት ባሱን፣ ሁለት ሆርንና የክር መሣሪያዎች ብቻ። ኦቦ እንኳን የለበትም፤ ኦቦዎቹ ተነስተው ሲወጡ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ምን ሆነው ነው ብሎ ጠየቀኝ። እንዲህ ራቁቱን በቀረ ኦርኬስትራ ውስጥ ሁለተኛ ቫዮሊን ስትዘገይ ማንም አይሸፍንላትም።

ሶሎ የተጫወተው ልጅ የአካዳሚውን የውስጥ ውድድር ያሸነፈ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነው። ስሙን አልጽፍም፣ ወደፊት በራሱ ያስጽፈዋል። ሞዛርት ይህን ሥራ የጨረሰው በ1791 ነው፣ ሊሞት ጥቂት ሳምንት ሲቀረው፤ የጻፈው ደግሞ ለክላርኔት ተጫዋቹ ለአንቶን ሽታድለር ነበር። የሽታድለር መሣሪያ ዛሬ ከምናውቀው ክላርኔት ረዘም ያለና ወደ ታች ጥቂት ተጨማሪ ኖታዎች ያሉት ነበር። በተለመደው ክላርኔት ሲጫወቱት ታች የሚወርዱት ቦታዎች ወደ ላይ ተገልብጠው ነው የሚመጡት፣ ዜማው አንዳንድ ቦታ ደረጃ ስቶ እንደሚወርድ ሰው ይሆናል። ይህ ልጅ የተለመደውን ነው የያዘው። እነዚያን ቦታዎች ግን አልሸሸጋቸውም፤ ጥያቄና መልስ አስመስሎ ለያይቶ ተጫወታቸው። ብልህ ነው።

የመጀመሪያው ክፍል ላይ ጣቱ ቸኩሎ ነበር፤ ፈርቷል። ሁለተኛው ክፍል፣ ያ ቀስ ያለው፣ ላይ ግን ሌላ ሰው ሆነ። አረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻ በአንድ ትንፋሽ ወሰደው፣ ዜማው ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ ከመጀመሪያው በግማሽ ዝቅ አድርጎ ጀመረው። ይህን ጊዜ የሆነውን ልንገራችሁ። መሪው እጃቸውን ወደ ደረታቸው ሰበሰቡና መምታት አቆሙ ማለት ይቻላል። ኦርኬስትራው ማንን ይከተል? ልጁን። ሁሉም አንገቱን ቀና አደረገ፤ የኋላዎቹ ጭምር። ከመጨረሻው ወንበር ያለው ልጅ ኖታውን ትቶ ክላርኔቱን ሲያይ አየሁት። የክር ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ሞላ፤ ዝቅ ብሎ ግን የሞላ። ብዙዎች እየተጫወቱ ድምፁ የአንድ ሰው ሲመስል ሳል እንኳን ይያዛል። ለዚህች ጥቂት ደቂቃ ብቻ የትኬቱን ዋጋ ሁለቴ እከፍል ነበር።

ሦስተኛው ክፍል ላይ ተመልሰው ተበተኑ። ያው ፈጣን ነው።

እዚህ ላይ ስለ አዘጋጆቹ ልናገር፣ ምክንያቱም ልጆቹን የበደሏቸው እነሱ ናቸው። ኮንሰርቱ አርፍዶ ጀመረ። ከዚያ ንግግር። ከንግግሩ በኋላ ሌላ ንግግር። መድረክ ላይ የትንፋሽ መሣሪያዎች ሞቀው፣ ተቃኝተው ተቀምጠዋል፤ ሰው ሲናገር ይቀዘቅዛሉ፣ ሲቀዘቅዙ ቅኝታቸው ይወርዳል። ይህንን ከሙዚቃ አካዳሚ በላይ ማን ያውቅ? የሚናገር ሰው ካለ ኦርኬስትራው ከመግባቱ በፊት ይናገር። ሌላው ደግሞ በሩ። አርፍደው የመጡ ሰዎችን በዚያ ቀስ ባለው የሞዛርት ክፍል መሃል አስገቧቸው፤ ጫማ ሲንኳኳ፣ ይቅርታ ሲባል፣ ወንበር ሲታጠፍ። በክፍሎች መካከል ማስገባት ይቻል ነበር።

የተሰጠን ወረቀት ላይም የተጫዋቾቹ ስም በሙሉ አለ፤ ይሄ ጥሩ ነው፣ የኋላ ወንበሮችም ስም አላቸው። ግን ሥራዎቹ ስንት ክፍል እንዳላቸው የሚል ነገር የለም። ስለዚህ ሰው በየክፍሉ መሃል አጨበጨበ፣ ከፊሉ ደግሞ የሚያጨበጭቡትን ዝም በሉ ብሎ ተቆጣ። እኔ ጭብጨባው አያናድደኝም፣ ቁጣው ግን ያናድደኛል። ሁለት መስመር ቢጽፉ ሁሉም ይገላገል ነበር። አዳራሹ ደረቅ ነው፤ ድምፅ ወዲያው ይሞታል። ለተማሪ ይሄ ጨካኝ ነው፣ ስህተትን አያለሰልስም፤ ለጆሮ ግን ጥሩ ትምህርት ነው።

ከእረፍት በኋላ የድቮርዣክ ዘጠነኛ ሲምፎኒ፣ ከአዲሱ ዓለም። ሁሉም ተማሪ ኦርኬስትራ ይህን ሲምፎኒ አንድ ቀን ይጫወተዋል፣ ለምን እንደሆነም ግልጽ ነው፤ ለሁሉም ክፍል የሚሆን ነገር አለው። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ግን ድቮርዣክ ይህን ሲጽፍ ራሱ የሙዚቃ አካዳሚ ዳይሬክተር እንደነበር ነው። በ1892 ከቦሄሚያ ወደ ኒው ዮርክ የሄደው የብሔራዊ ኮንሰርቫቶሪውን እንዲመራ ተጠርቶ ነው፤ እስከ 1895 እዚያ ነበር፣ ቅንብር ያስተምራል፣ የተማሪዎቹን ኦርኬስትራ ይመራል። ከኮንሰርቫቶሪው ተማሪዎች አንዱ ሃሪ በርሊ የጥቁር አሜሪካውያንን መንፈሳዊ ዜማዎች ይዘምርለት ነበር፤ ይኸው በርሊ በተማሪዎቹ ኦርኬስትራ ውስጥ ደብል ቤዝ፣ በኋላም ቲምፓኒ ተጫውቷል። ሲምፎኒው ታኅሣሥ 1893 ላይ በካርኔጊ አዳራሽ የቀረበው በኒው ዮርክ ፊልሃርሞኒክ ቢሆንም፣ የተጻፈው በሥራ ሰዓቱ ተማሪ ሲያጫውት በሚውል ሰው ነው። ራሱም በወጣትነቱ ለዓመታት የቲያትር ኦርኬስትራ ውስጥ ተቀምጦ ቪዮላ (ከቫዮሊን ትንሽ የሚተልቀውን የክር መሣሪያ) ሲጫወት የኖረ ነው። መሃል መቀመጥ ምን እንደሆነ ያውቃል። ለዚህም ይመስለኛል በዚህ ምሽት ቪዮላዎቹ ከሁለተኛ ቫዮሊኖች የተሻሉት፤ የሚጫወቱት ነገር ሰጥቷቸዋል።

የመጀመሪያው ክፍል ላይ ሆርኑ ተሰነጠቀ። ዋናው ዜማ በሆርን ነው የሚገባው፣ ወደ ላይ የሚዘል ጥሪ ነው፣ አናቱ ላይ ሲደርስ ድምፁ ተሰበረ። አዳራሹ ውስጥ ፈገግታ አየሁ፤ አልወደድኩትም። ሆርን የተጠቀለለ ቱቦ ነው፣ ቢዘረጋ 3.7 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ በእንዲህ ያለ ረጅም ቱቦ ውስጥ ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር በከንፈር ብቻ የሚገኙት ድምፆች እየተጠጋጉ ይመጣሉ። ጣት ቁልፉን በትክክል ተጭኖም ከንፈር በጥቂቱ ከላላ ወይም ከጠበቀ ጎረቤት ኖታ ላይ ያርፋል። በዓለም ላይ ስማቸው የገነነ ሆርን ተጫዋቾችም ይሰነጥቃሉ። እኔን የገረመኝ ቀጥሎ ያደረገው ነው። ያው ዜማ ተመልሶ ሲመጣ ብዙ ተማሪ ፈርቶ በግማሽ ድምፅ ይገባል፣ እንዳይሰማ። እሱ ከመጀመሪያው ይልቅ ከፍ አድርጎ ገባ፣ ያዘውም። አቦ ጎበዝ! የኋላ ቫዮሊኖች ከዚህ ልጅ ይማሩ ብዬ አስቤ ነበር።

ሁለተኛው ክፍል ላይ ስለ እንግሊሽ ሆርኑ ሶሎ ሁሉም ሰው ይጠይቀኛል፤ ስሙ ሆርን ይሁን እንጂ መሣሪያው የኦቦ ዘመድ ነው። ጥሩ ነበር፤ በጣም ጥሩ። ተጫዋቿ ማስለቀስ አልሞከረችም። ዜማው የታወቀ ስለሆነ ብዙዎች ያንቀራፍፉበታል፣ በየኖታው ላይ ያለቅሳሉ። እሷ ዝም ብላ ዘመረችው፣ ትንፋሿን የወሰደችው ደግሞ ግጥም ቢኖረው ኖሮ ቃሉ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ነበር። ከእሷ በፊት ያለው የትንፋሾቹ መክፈቻ፣ ሰባት ስምንት ኮርድ (አንድ ላይ የሚነፉ ኖታዎች) ነው፣ እዚያ ላይ ግን ሁለተኛው ኮርድ ጎምዝዞ ነበር፤ ከንፈር ሳይሞቅ እንደዚያ ዝቅ ብሎ መግባት ከባድ ነው።

ቱባው የሚጫወተውም እዚያው ነው። በዚህ ሲምፎኒ ውስጥ ቱባ ያለው ከ20 ያነሱ ኖታዎች ብቻ ነው፣ ሁሉም በዚህ ክፍል፤ የቀረውን ጊዜ ቁጭ ብሎ መስማት ነው። ልጁን አየሁት፣ መሣሪያውን አቅፎ፣ የሙዚቃውን አካሄድ በጭንቅላቱ እየተከተለ፣ ከሁሉም በላይ የሚዝናና እሱ ነበር። የሲምባሉ ደግሞ የባሰ ነው። በሙሉ ሲምፎኒው አንዴ ብቻ ነው የሚመታው፣ አራተኛው ክፍል ላይ፣ ያውም ጮክ ብሎ አይደለም። ልጅቷ ተነሳች፣ ለስላሳ አድርጋ አጋጨች፣ ተቀመጠች። ያለ ጉራ። በዚህ ዕድሜ አንድ ምት ብቻ ተሰጥቶት ጉራውን የሚቆጣጠር ብዙ ሰው አላውቅም።

ከሁለቱ መልካም ቦታዎች ሁለተኛው ይኸው ቀስ ያለው ክፍል መጨረሻ ላይ ነበር። ዜማው ወደ ጥቂት የክር ተጫዋቾች ይወርድና መሃል መሃሉ ላይ ይቆማል፤ ዝምታ፣ ከዚያ ጥቂት ኖታ፣ እንደገና ዝምታ። የሚጫወቱት ጥቂቶች ናቸው፣ ሌሎቹ ደጋናቸውን አንስተው ይጠብቃሉ። ይህን ጊዜ የሚጠብቁትን ተመለከትኳቸው። አንድም ሰው ገጽ አልገለጠም፣ አንድም ሰው ወንበሩን አላንቀሳቀሰም። ከዚያ ሁሉም ሲመለሱ በአንድ ላይ ተመለሱ፤ የኋላዎቹ ከፊቶቹ ጋር፣ በአንድ ደጋን። ልጆቹ ይችላሉ ማለት ነው! ሲሰሙ ይችላሉ። የክፍሉ የመጨረሻ ኮርድ ለደብል ቤዞቹ ብቻ ነው የተተወው፣ በጣም ዝቅ ብሎ፣ ለተማሪ የተጠመደ ወጥመድ ነው። አንደኛው ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር። ይቅር ብያለሁ።

ሦስተኛውን ክፍል በፍጥነት ላልፈው ነው፤ ቲምፓኒው ሹል ነበር፣ ምቱ አልተዛነፈም፣ ፍሉቶቹ ተደስተዋል።

አራተኛው ላይ ግን ድካሙ መጣ። የሚጀምረው የክር መሣሪያዎቹ ሁለት ኖታ ደጋግመው እየፈጠኑ ሲሄዱ ነው፣ ከዚያ ሆርንና ትራምፔት ዋናውን ዜማ ይዘው ይገባሉ። አገባባቸው ፀጉር ያቆማል። ከመሃሉ ጀምሮ ግን የናስ መሣሪያዎቹ ከንፈር እየከዳቸው መጣ፣ ከፍ ያሉት ኖታዎች ቅኝታቸው ወረደ፣ እሱን ለመሸፈን ደግሞ የበለጠ ጮኹ። ቫዮሊኖቹ እንደገና ጠፉ። በእረፍት ሰዓት ከተማሪዎቹ አንዱን ሳዋራው ያንኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ሙሉውን ፕሮግራም እስከ መጨረሻ ተጫውተውት እንደነበር ነግሮኝ ነበር። ይሄ ነዋ! የሃያ ዓመት ልጅ ጉልበት አለው ተብሎ ከንፈሩ ከብረት አልተሠራም። በኮንሰርት ቀን አስቸጋሪ መግቢያዎችን ብቻ ነካክቶ ልጆቹን ማሳረፍ ነው የሚገባው።

መጨረሻውንም አበላሹብን፣ ልጆቹ ሳይሆኑ ታዳሚው። ይህ ሲምፎኒ በጩኸት አያልቅም፤ የመጨረሻው ኮርድ በትንፋሾቹ ይያዝና ቀስ እያለ እስኪጠፋ ድረስ ይሄዳል። ገና መድከም ሲጀምር ሰው ብራቮ አለ። መሪው እጃቸውን እንዳነሱ ቀሩ። የመጀመሪያዋ ፍሉት ኮርዱን ለመጨረስ ብላ በጭብጨባው ውስጥ ስትነፋ አየኋት።

አሁን ስለ መሪው። የአካዳሚው መምህር ናቸው፣ ሥራቸውን ያውቃሉ፣ የትኛው መሣሪያ መቼ እንደሚገባ ይዘውታል፣ መግቢያ ሲሰጡ አያሳስቱም። ለጀማሪ ይሄ ግማሽ መድኃኒት ነው። ነገር ግን ሁሉንም ምት ይመታሉ። ሁለቱም እጃቸው አንድ ዓይነት ነገር ያሳያሉ፣ ግራው ቀኙን ይደግማል፣ ስለዚህ ትሮምቦኖቹን ዝቅ በሉ የሚል ትርፍ እጅ የላቸውም። ዓይናቸው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ፊት ባሉት ሦስት ወንበሮች ላይ ነው። የኋላዎቹ ማንም ካላያቸው ለምን ይደፍራሉ? ምሽቱ ያማረባቸው ሁለት ቦታዎች ሁለቱም እሳቸው እጃቸውን የሰበሰቡባቸው መሆናቸው አጋጣሚ አይመስለኝም። አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ትንሽ ይመኗቸው።

አካዳሚውን አንድ ነገር ብለምን ወንበር እንዲያቀያይሩ ነው። በየሥራው ሁለት ጎበዞችን ከፊት አንስቶ መጨረሻ ረድፍ ላይ ማስቀመጥ። ፊት የለመደ ልጅ ኋላ ሄዶ ሲቀመጥ መጀመሪያ ይከፋዋል፣ ከዚያ ግን ከኋላ ሆኖ መምራት ይማራል፤ አጠገቡ ያለችው ልጅም ሙሉ ደጋን መሳብ ምን እንደሚመስል በጎን ዓይኗ ታያለች። ብዙ ሙያተኛ ኦርኬስትራዎች የክር ክፍሎቻቸውን የኋላ ወንበር ያዟዙራሉ፣ ነውር የለውም። ሁለተኛ ደግሞ ፕሮግራሙን ይቀንሱ። ብራምስ፣ ሞዛርትና ድቮርዣክ በአንድ ምሽት ለደመወዝተኛም ይበዛል። ኦቨርቸሩን ቢያስቀሩት ማንም አይቀየምም፣ ለሞዛርቱ ሦስተኛ ክፍልም ጊዜ ይተርፍ ነበር።

የምትሄዱ ከሆነ የፊት ረድፍ አትቀመጡ። እዚያ የምትሰሙት ኮንሰርት ማስተሯንና የመጀመሪያዎቹን ቼሎዎች ብቻ ነው፣ ለእነሱ ደግሞ ጥሩ ቃል ጽፌያለሁ። ፎቁ ላይ በጎን በኩል ያለው ቦታ ምርጥ ነው፤ ድምፁ ተቀላቅሎ ይደርሳል፣ ከላይ ሆናችሁም ሁሉንም ደጋኖች ታያላችሁ። ልጅ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ከእረፍት በኋላ ያለው ክፍል ይበቃዋል፣ ቱባውንና ሲምባሉን አሳዩትና ይጠብቅ። ትኬት ካለቀ ደግሞ ክፍት ልምምድ እንዳለ በሩ ላይ ጠይቁ። አንዳንድ ጊዜ ያስገባሉ፤ ንግግርም የለበትም።